አረምና እርማት

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት በየዕለቱ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ ተራ ቃል ነው። ቃሉ «ማረም» የሚለው ነው። ገበሬ ጤፉን ያርማል። መምህር የተማሪውን ፈተና ያርማል። ይህች መጽሔት ከመባዛቷ በፊት አንድ ወንድም ተቀምጦ ፊደል በፊደል ያርማታል። በጉባኤ መካከል ንግግር የሚያደርግ ሰው «ብሳሳት አርሙኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ከልቡ ይሁን ለወጉ እሱ ያውቃል። እስር ቤት «ማረሚያ ቤት»፣ እስረኛውም «ታራሚ» ይባላል። ለመሆኑ በእነዚህ ሁሉ ስፍራዎች የምንሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነውን? ማረም ስንል አንድን ነገር ማዳናችን ነው ወይስ አንድን ነገር ማጥፋታችን?

ጥያቄው የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ መምህራን በተውኩት። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሆኜ አንድ ልጅ «አርሜአለሁ»። እዚያ ላይ ከመድረሴ በፊት ወደ ጤፉ ማሳ ልመለስ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ክረምቱን በምሥራቅ ጎጃም ከአክስቴ ዘንድ አሳለፍኩ። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ጤፉ ከስንዝር ሳያልፍ አረም የሚነቀልበት ሰዓት ደረሰ። ጤፍ እንደ በቆሎ በመስመር የቆመ አይደለም፤ ተበትኖ የሚዘራ ስለሆነ መኮትኮቻ ይዘህ አትገባበትም። ጎንበስ ብለህ በእጅህ አንድ በአንድ ትለቅማለህ። ጎረቤቱ በደቦ መጣ፤ ሴቶቹና ልጆቹ በረድፍ ተሰለፍን። የከተማ ልጅ ነኝና ሰነፍ እንዳልባል ከሁሉም ቀድሜ ለመድረስ ሁለቱንም እጆቼን አጣደፍኳቸው። እኩለ ቀን ላይ አክስቴ ከኋላዬ መጥታ የነቀልኩትን ክምር በትና አየችው። ግማሹ ጤፍ ነበር። አልተቆጣችኝም። አንዱን ዘለላ ከሌላው ለይታ በመዳፌ ላይ አስቀመጠችና «እጅህ ከዓይንህ ቀደመ፣ ልጄ» አለችኝ። ሁለቱን ቀጫጭን ቅጠሎች እስኪመሽ አገላብጬ አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ቢሆን በዚያ ዕድሜያቸው ልዩነታቸውን በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ዩኒቨርስቲ ገብቼ የግብርና ትምህርት እየተማርኩ እንኳ።

ያን ቀን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሰዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። «የነ እገሌ ጤፍ ታርሟል?» «ታርሟል፤ የኛ ገና ነው።» ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ነገር ዛሬ ይገርመኛል። ልብ በሉ፤ የታረመው ጤፉ ነው። «ጤፉን አረመች»፣ «ማሳው ታረመ» እንላለን። አረሙስ? አረሙ «ተነቀለ» ነው የሚባለው። ማለትም በአማርኛችን «አረመ» የሚለው ግስ በአብዛኛው የሚያርፈው በሚጠፋው ነገር ላይ ሳይሆን በሚቀረው ነገር ላይ ነው። አረም የሚነቀለው ለጤፉ ሲባል ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ቆሞ የሚቀረውና «ታረመ» የሚባለው ጤፉ ነው። ፈተናም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ወረቀቱን አርሞ ይመልሳል እንጂ ቀድዶ አይጥልም። እርግጥ «ስሕተቱን አረመ» ብለንም እንናገራለንና ሕጉ ፍጹም ነው አልልም። ቢሆንም «ሰውየውን አረሙት» ስንል ቋንቋው ራሱ ሰውየውን በጤፉ ቦታ አስቀምጦታል፤ በአረሙ ቦታ አላስቀመጠውም። «ታራሚ» የሚለውም ቃል በትክክል ከተሰማን የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ታራሚው ከዙሪያው አንድ ነገር ተነቅሎለት እንዲያፈራ የተፈለገው ሰው ነው።

በነገራችን ላይ ቀድሞ እስር ቤትን ወኅኒ ቤት ነበር የምንለው። ስሙ በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ወገኖች ዙፋን እንዳይሻሙ ተለይተው ይኖሩበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ የመጣ ነው። እነዚያን መሳፍንት ሊያርማቸው ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እንዳይወርዱ ብቻ ነበር የሚፈለገው። ስሙ ጨካኝ ቢሆንም አይዋሽም። «ማረሚያ ቤት» ግን ቃል ኪዳን ያለበት ስም ነው። ስሙን የሰጠ ሁሉ ቃሉን ጠብቋል ወይ የሚለውን አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

አሁን ደግሞ ወደ አረሙ እንምጣ። በክፍል ውስጥ የተማርነው ትርጉም አጭር ነው፤ አረም ማለት ባልተፈለገበት ቦታ የበቀለ ተክል ነው። መጀመሪያ ስሰማው የሰነፍ ትርጉም መስሎኝ ነበር። ቅጠሉ እንዲህ የሆነ፣ ሥሩ እንዲያ የሆነ ይባላል ብዬ ስጠብቅ ስለ ተክሉ አንድም ነገር አይናገርም። የሚናገረው ስለ ባለ ማሳው ፍላጎት ነው። በሽንኩርት መደብ ላይ የበቀለ ጤፍ አረም ነው። መስከረም በጠባ ጊዜ ልጃገረዶች በእቅፋቸው ይዘዋት የሚዞሩት አደይ አበባ በእህል መካከል ብትገኝ ሳይራሩላት ይነቅሏታል። ሲናር የሚባለውን የአጃ ወገን ደግሞ የደጋ ገበሬ ያውቀዋል። በገብስ ማሳ ውስጥ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል፤ ገብስ ስለሚመስልና ነቅሎ መጨረስ ስለማይቻል ገበሬው ይተወዋል፤ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ ለእንጀራና ለጠላ ይውላል። ሲናር አረም ነው ወይስ እህል? ለገበሬው ጥያቄው ብዙም አያስጨንቀውም።

ይህን ነገር በጥልቀት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ ተጉዞ የስንዴና የገብስ ዘራችንን ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያም የዓለም እህል ከፈለቀባቸው ጥቂት ማዕከሎች አንዷ መሆኗን ጽፏል። ቫቪሎቭ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ አንዳንድ እህል መጀመሪያውኑ እህል አልነበረም፤ አረም ነበር። ራይ የሚባለው የሰሜን አገር እህል በስንዴ ማሳ ውስጥ ሳይፈለግ ይበቅል የነበረ አረም ነው። ገበሬዎች ስንዴያቸውን ይዘው ወደ ብርዱ አገር በወጡ ቁጥር ስንዴው እየደከመ፣ አረሙ እየበረታ ሄደ፤ በመጨረሻም ስንዴው ሲቀር ሰው የበላው አረሙን ሆነ። እንግዲህ ዛሬ በአውሮፓ ጥቁር ዳቦ የሚበላ ሁሉ አያቶቹ ነቅለው ሊጨርሱት ያልቻሉትን ነገር ይበላል ማለት ነው።

ይህን ስል ግን «ሁሉም ተክል መልካም ነው፣ አረም የሚባል ነገር የለም» ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው አርሞ የማያውቅ ሰው ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ተመልከቱ። አበባው ያማረ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ከአማዞን አገር የመጣ ሲሆን እዚያ የሚበሉት ተባዮች ስላሉት በልክ ይኖራል። እዚህ ግን ተቆጣጣሪ ስለሌለው የዓሣ አጥማጁን ጀልባ መንገድ ዘጋ። ብዙ ሺህ ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ ትክክልም ነበር። አቀንጭራም አለ። ይህ ተክል ከመሬት በታች ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ የማሽላውን ምግብ ይመጥጣል። ወይን ጠጅ አበባውን ከመሬት በላይ ባየኸው ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ተፈጽሟል። አንዷ ተክል ብዙ አሥር ሺህ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም እንደ አቧራ የደቀቀ ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ገበሬው በየዓመቱ ይነቅላል፣ በየዓመቱ ይበቅላል።

በአቀንጭራ ላይ የተገኘው መፍትሔ ደግሞ ከመንቀል የተለየ ነው። የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ሥራቸው ነው። የአቀንጭራ ዘር ዝም ብሎ አይነቃም፤ የማሽላው ሥር ወደ አፈሩ የሚያወጣው ቅመም ሲሸተው ነው የሚነቃው። አስተናጋጁ መጥቷል ብሎ ይበቅላል ማለት ነው። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን ቅመም በጣም ጥቂት የሚያወጣ ማሽላ መርጠው አዳቀሉ። ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፤ የሚቀሰቅሰው ግን የለም። አረሙን ሳይነኩ ማሽላውን አበረቱት። ይህን በክፍል ውስጥ የሰማሁ ዕለት ከትምህርቱ ይልቅ የዚያ የአረምነው ልጅ ፊት ነው ድቅን ያለብኝ።

በአማርኛችን ከማረም ጎን የሚቆም አንድ ሌላ ቃል አለ፤ መኮትኮት። መኮትኮት አፈሩን ማላላት፣ አየርና ውኃ ወደ ሥሩ እንዲገባ ማድረግ ነው። «ልጆቹን በመልካም ጠባይ ኮትኩቶ አሳደገ» እንላለን። «ልጆቹን አርሞ አሳደገ» ሲባል ግን ብዙ አልሰማሁም። አባቶቻችን ልጅን የሚያክል ነገር በመንቀል ብቻ እንደማያድግ ሳያውቁት አልቀሩም። በርግጥ የሚኮተኩት ሰው መንገዱን አረም ሲያገኝ ይነቅላል፤ ዓይኑ ግን ያለው በተክሉ ላይ ነው።

ቃሉ ወደ አደባባይ ሲወጣ ነው የሚያስፈራው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ወላጆቻችን «አሰሳና ምንጠራ» የሚለውን ሰምተዋል። መመንጠር ጫካን ቆርጦ መሬትን ለእርሻ ማጽዳት ነው፤ የተመነጠሩት ግን የእኔ ዕድሜ ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ። በ1994 እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ የሆነው ሲሆንም ጎረቤትን መግደል ቁጥቋጦን እንደ መመንጠር ተደርጎ ተነግሯል። እኛም ብንሆን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወቅት ወንድም ወንድሙን አረም ብሎ ሲጠራ በጆሮአችን ሰምተናል። የግብርና ቃል እንዲህ ያለ ስፍራ ላይ የሚመረጠው ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ ገበሬ አረም ሲነቅል ኅሊናው ስለማይከሰው ነው። ማንም አረም ነቅሎ ንስሐ አይገባም። ሰውን አረም ካልከው በኋላ የቀረው ነገር ሁሉ የሥራ ጉዳይ ብቻ ይሆናል። እላይ የጠቀስኩት ቫቪሎቭ ራሱ በስታሊን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1940 ተይዞ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ተርቦ ሞተ። ዓለምን ከረኃብ ለማዳን ዘር ሲለቅም የኖረ ሰው ነበር። በ1955 ጥፋተኛ አልነበረም ተባለ። ከክምሩ ውስጥ ጤፍ ተገኘ ማለት ነው፤ ግን ከተነቀለ በኋላ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አገልጋዮቹ እንንቀለው ሲሉ ባለቤቱ ስንዴውንም አብራችሁ ትነቅላላችሁና እስከ መከር ተዉት አላቸው። እንክርዳድ እሸት እስኪያወጣ ድረስ ስንዴን ቁርጥ ይመስላል፤ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላም ራስ ያዞራል፣ ያሰክራል። ይህን ምሳሌ ለአክስቴ ባነብላት «እንዴት እስከ መከር ይተዋል? ማሳው ሊበላ አይደል!» ነበር ያለችኝ። እንደ ገበሬ ልክ ናት፤ እርስዋ ብትሆን ትነቅላለች። ስለዚህ ምሳሌው የእርሻ ምክር አይደለም። በወንጌሉ ራሱ እንደተፈታው እርሻው ዓለም ነው፤ ዘሩ ደግሞ ሰዎች ናቸው። በራሴ ልብ ውስጥ የበቀለውን ክፋት እስከ መከር ልተወው የሚል ትእዛዝ ከዚህ አይወጣም፤ ሰውን ልንቀል ለሚል ነው ተው የተባለው። ዮሐንስ አፈወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ይህን ሲያብራራ መግደልን እንደሚከለክል፣ ክፉ ትምህርትን ዝም ማሰኘትን ግን እንደማይከለክል ገልጦ፣ ብንታገሥ ከእንክርዳዱ ብዙው ተለውጦ ስንዴ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሰውና ተክል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እንክርዳድ ሺህ ዓመት ቢታገሡት እንክርዳድ ነው። ቀራጩ ማቴዎስ በቀረጥ መቀበያው ሳለ፣ ሳውልም ወደ ደማስቆ ሲገሠግሥ ተነቅለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እናነብ ነበር?

«እንዲህ ከሆነ ሥርዓት የሚባል ነገር ሊቀር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ብዬው ነበርና አውቀዋለሁ። ልጁ እንቁላል ሲሰርቅ እናቱ ዝም ብላው፣ አድጎ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲል «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል። ሐዋርያው ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ያን የበደለ ሰው ከመካከላችሁ አውጡት ብሏል። ግን በሁለተኛይቱ መልእክቱ አንድ የተቀጣ ሰው ከልክ ባለፈ ሐዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ፍቅራችሁን አጽኑለት ይላል፤ ብዙ ተርጓሚዎች ያው ሰው ነው ይላሉ። እንግዲህ የማውጣቱን ምዕራፍ ስናነብ የመመለሱንም ምዕራፍ ማንበብ ነበረብን።

አሁን የልጁን ነገር ልናገር። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ድምፁ ያማረ መዘምር። ከአባላት መዋጮ 360 ብር ወሰደ። ወስዷል፤ በሐሰት አልተከሰሰም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሶታል፤ ግን የመለሰው ከተደረሰበት በኋላ ነው። እናቱ ታማ እንደነበር ነግሮን ነበር፤ ሰበብ ነው አልን። እኔ በኮሚቴው ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩና «አባሉን ለማረም ሲባል» የሚለውን ሐረግ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ውሳኔው ከመዘምራን እንዲወጣና ስሙ በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ነበር። ስሙን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ድምፄ ደልዳላ ስለሆነ ተመረጥኩ። ሁለት መቶ ያህል ሰው ተቀምጦ ነበር። እሱ ከኋላ በኩል ከዓምዱ አጠገብ ቆሞ ሰማ። ጉባኤው ሳያልቅ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ደጃችን አልመጣም። ስድስታችንም የመጣነው ሥርዓትን ለመጠበቅ ነበር፤ አንዳችንም ክፉ አልነበርንም። አንዳችንም ደግሞ ወደ ቤቱ አልሄድንም።

እንግዲህ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው። መቀጣቱን አልቃወምም፤ ገንዘብ ከእጁ መራቁም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቃሉ «ማረም» ከሆነ የታረመው ማን ነው? እሱ ከሆነ ቆሞ የቀረው ሊሆን ይገባ ነበር። የቀረነው ግን እኛ ነን። እኛ ጤፍ ሆንን፣ እሱ አረም ሆነ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት ቃል ከሠራነው ሥራ ጋር አይገጥምም። «ነቀልነው» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ምናልባት እጃችን ይቆም ነበር። እጄ ከዓይኔ ሲቀድም ይህ ሁለተኛው ነው።

ባለፈው ሰኔ ከዩኒቨርስቲ ስመለስ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ እሱ ሆኖ አገኘሁት። ጺም አውጥቷል። አወቀኝ፤ እኔም አወቅሁት። ሰላም ልለው አፌን ስከፍት እጁን ለሒሳብ ዘረጋ። መቶ ብር ሰጠሁት። መልሱን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ መዳፌ ላይ ቆጠረልኝና «ቁጠረው፤ አልጎደለም» አለኝ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ መጥራቱን ቀጠለ። ሁለት ፌርማታ ሳይደርስ ወረድኩ።

በዚህ ወር ኮሚቴው በአንዲት እኅት ጉዳይ ሊሰበሰብ ነው። ነገሩ ሌላ ነው፤ ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም። ስሟ በጉባኤ እንዳይነበብና ከውሳኔው በፊት ሁለት ሰዎች ቤቷ ሄደው እንዲያነጋግሯት ሐሳብ አቅርቤአለሁ። አንዳንዶቹ ተስማምተዋል፤ አንድ ወንድም ግን «ለዚያኛው ያልተደረገ ለዚህች ለምን ይደረጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልስ አልሰጠሁትም። በማግሥቱ ወደ ልጁ እናት ቤት ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ ዩኒቨርስቲው ጠየቁኝ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አላነሡም። ስነሣ የልጁን ስልክ ቁጥር ለመንኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና በወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ወረቀቱ አሁን ይህን በምጽፍበት ደብተር ውስጥ አለ፤ እስካሁን አልደወልኩም።